ሁለት ልጅ፣ አንድ ብስክሌትና የሐረጎ ቁልቁለት

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ቤቴ ደሴ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው፤ የምሠራው ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ነው። የ6 ዓመት ሴት ልጄና የ3 ዓመት ወንድ ልጄም የሚማሩት ኮምቦልቻ ስለሆነ ጠዋት አብረን ወርደን ማታ አብረን እንመለሳለን። የሚኒባሱ ወጪና ግፊያ አማሮኛል። ባለ 26 የተራራ ሳይክሌን ብየዳ ቤት ወስጄ ከኋላ ላስረዝመው፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ላስገጥምበትና ልጆቹን ይዤበት ልመላለስ አስቤያለሁ። ስንት ዋት ሞተር ይበቃኛል?»

የጠየቁት ስለ ሞተር ቢሆንም መልሱ የሚጀምረው ከፍሬን ነው። ጠዋት ሲወርዱ ሞተሩ ሥራ ፈት ነው። ማታ ሲወጡ ሞተር ቢያንስዎት ወርደው ይገፉታል፣ እራት ይዘገያል፣ በቃ። ፍሬን ያነሰው ሰው ግን ወርዶ መግፋት አይችልም። ስለዚህ ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር፦ ልጆች ጭነው ሐረጎን፣ ማለትም ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚያወርደውን ቁልቁለት፣ በብስክሌት አይውረዱ። ደሴ ውስጥም ኮምቦልቻ ውስጥም ልጅ ጭኖ መንዳት ይቻላል። ብቻዎን ሆነው ሐረጎን መውጣትና መውረድም ይቻላል። የማይሆነው ሁለቱን ማጣመር ነው። ምክንያቱን በቁጥር ላስረዳና ወደሚሆነው መንገድ እመለሳለሁ።

የጭነት ብስክሌት የልጅ ማመላለሻ ሆኖ የተለመደው እንደ ዴንማርክና ኔዘርላንድ ባሉ ሜዳ አገሮች ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ኮፐንሃገን ክርስቲያኒያ ሰፈር የተጀመረው ፊቱ ላይ ሳጥን ያለው ባለ ሦስት ጎማ ብስክሌት ዛሬም ከነልጆቹ በየቪዲዮው ይታያል። የዴንማርክ ከፍተኛው የተፈጥሮ ቦታ ግን ከባሕር ወለል 171 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ናቸው። እርስዎ በ25 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ የሚወርዱት 650 ሜትር ከዴንማርክ ጫፍ አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ቪዲዮው ላይ ያየነው ዕቃ ለዚህ አልተሠራም።

ሒሳቡን እንሥራው። ብስክሌቱ ከነሞተሩና ከነባትሪው 38 ኪሎ፣ እርስዎ 65፣ ልጆቹ 20 እና 14፣ መቀመጫው፣ ቦርሳው፣ ምሳ ዕቃውና የዝናብ ልብሱ 13 ኪሎ እንበል። ድምሩ 150 ኪሎ ነው። ይህ ክብደት 650 ሜትር ሲወርድ 956 ኪሎ ጁል ጉልበት ይለቃል። ከፊሉን ነፋሱና የጎማው ሰበቃ ይወስዱታል። ግማሹ ብቻ ፍሬኑ ላይ ቢያርፍ እንኳ፣ ደሴ ላይ ውኃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ ቆጥረን፣ ከ1.5 ሊትር በላይ ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። አንድ ትልቅ ጀበና ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሙቀት የሚሸከሙት ደግሞ እያንዳንዳቸው 200 ግራም የማይሞሉ ሁለት ስስ ዲስኮች ናቸው።

በሌላ አቆጣጠር፣ በ100 ሜትር 6 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ ፍጥነትዎን በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ለማቆየት ፍሬኑ ያለማቋረጥ 420 ዋት ያህል መብላት አለበት። ቁልቁለቱ በ100 ሜትር 10 ሲሆን ከ800 ዋት ያልፋል፤ ያ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። ቁልቁለቱ እስካላለቀ ድረስ ምድጃው አይጠፋም።

ይህ ሙቀት ምን እንደሚያበላሽ በፍሬኑ ዓይነት ይለያያል። ቸርኬውን በላስቲክ የሚይዘው ተራ ፍሬን ከሆነ የሚግለው ቸርኬው ነው። ጎማው ውስጥ ያለው አየር ይሰፋል፣ ከመነዳሪው (የውስጥ ላስቲኩ) ይለሰልሳል፣ ጎማው ከቸርኬው ከንፈር ይወጣል ወይም ይፈነዳል። የሚፈነዳው ብዙውን ጊዜ የፊተኛው ነው፤ ዋናውን የማቆም ሥራ የሚሠራው እሱ ስለሆነ። ባለ ሽቦ የዲስክ ፍሬን ቸርኬውን አያግልም፣ ግን ዲስኩን የሚቆነጥጠው ሸራ ባለቀ ቁጥር እጀታው ወደ መሪው እየቀረበ ይሄዳል። ርካሾቹ ደግሞ ሸራውን የሚገፉት በአንድ ወገን ብቻ ነው። ከላይ ሲነሱ ልኩ የነበረው እጀታ ታች ሳይደርሱ ጣትዎን ከመሪው ጋር ሊያጣብቀው ይችላል።

የዘይት ዲስክ ፍሬን የተሻለ ነው፤ እሱም ሁለት ዓይነት መክዳት አለው፣ ምልክታቸውን መለየት ያስፈልጋል። አንደኛው የሸራ መቃጠል ነው። እጀታው እንደወትሮው ጠጣር ነው፣ ብስክሌቱ ግን አይያዝም፤ የተቃጠለ ሽታ ይመጣል። ሸራው ሲቀዘቅዝ ያገግማል፣ ሆኖም ፊቱ እንደ መስታወት ለስልሶ ከቀረ በብርጭቆ ወረቀት ማሸት ወይም መቀየር ነው። ሁለተኛው የዘይት መፍላት ነው። እዚህ እጀታው ራሱ እንደ ስፖንጅ ይለሰልስና መሪው ድረስ ይገባል። የዚህኛው ማስጠንቀቂያ አጭር ነው። ዲስኩ ወደ ሰማያዊ ካደላ ከመጠን በላይ ግሎ እንደነበር ይወቁ። በጋለ ዲስክ ላይ ውኃ አይድፉ፤ ይጣመማል።

እንግዲህ ለብቻዎም ሐረጎን ለመውረድ የሚያስፈልግዎት ፍሬን ይህ ነው፦ በዘይት የሚሠራ፣ ከፊት 203 ሚሊ ሜትር ዲስክ፣ ከኋላ 180 ወይም 203፣ ቢቻል በያንዳንዱ ጎን ሁለት ሁለት ፒስተን ያለው። ሸራው የብረት ቅይጥ ይሁን። ለስላሳው ሸራ ድምፅ የለውም፣ ሜዳ ላይ ያስደስታል፣ ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ቀድሞ የሚከዳው እሱ ነው። የብረቱ ይጮኻል፤ ይጩህ። አንዳንድ ዲስክ ላይ «ለለስላሳ ሸራ ብቻ» የሚል ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ተቀርጿል፤ እሱን ከብረት ሸራ ጋር አያጋቡ፣ ቶሎ ይበላል። ሺማኖ የተባለው የሳይክል ዕቃ አምራች ዲስክ አዲስ ሲሆን 1.8 ሚሊ ሜትር ነው፣ 1.5 ሲደርስ ይጣላል። ሸራው ከጀርባው ብረት በላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ሲቀረው አብቅቷል። ደግሞ ዘይቱን ይለዩ። ዶት 4 የሚባለው የመኪና ፍሬን ዘይት መለዋወጫ ሱቅ ስላለ ብቻ ማንኛውም ፍሬን ውስጥ የሚጨምሩ መካኒኮች አሉ። ሺማኖን የመሳሰሉት በማዕድን ዘይት የሚሠሩ ናቸው፤ ዶት 4 ከገባባቸው የውስጥ ጎሚኒዎቹ አብጠው ፍሬኑ ይበላሻል። የዘይቱ ዓይነት እጀታው ላይ ወይም የዘይት ክዳኑ ላይ ይጻፋል።

አነዳዱም ለብቻው ሙያ ነው። ቁልቁለት ላይ ፍሬንን በስሱ ይዞ ረጅም መንገድ መጎተት ዲስኩን መቀዝቀዣ ይነሳዋል። ጠበቅ አድርገው ይያዙ፣ ፍጥነቱ ወደ 15 ሲወርድ ይልቀቁ፣ 25 ሲደርስ ደግመው ይያዙ፤ የፊቱንና የኋላውን እያፈራረቁ። ኩርባ ከመግባትዎ በፊት ይጨርሱ፣ ኩርባው ውስጥ ፍሬን አይፈልጉ። ሰፊ ዳር ባገኙ ቁጥር ቆመው ሦስት አራት ደቂቃ ያሳርፉት።

ከ25 አይለፉ የምልበት ምክንያት ይህ ነው። በ100 ሜትር 8 በሚወርድ ደረቅ አስፋልት ላይ፣ ለማሰብ አንድ ሰከንድ ወስደው በደንብ ፍሬን ቢይዙ፣ ከ25 ፍጥነት ለመቆም 16 ሜትር ገደማ ያስፈልግዎታል፤ ከ40 ፍጥነት 34 ሜትር። አስፋልቱ ሲረጥብ 16ቱ ወደ 27፣ 34ቱ ደግሞ ከ60 በላይ ይሆናል። ፍየል ከጥሻው ብቅ የምትለው ከ60 ሜትር ርቀት ላይ አይደለም።

በ25 መውረድ ደግሞ ሌላ ችግር ያመጣል፤ መንገዱ የእርስዎ ብቻ አይደለም። ሐረጎ አዲስ አበባን ከሰሜኑ የሚያገናኘው ዋና መንገድ ነው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ደረቅ ወደብ ያለባት ከተማ ናት። ከኋላዎ የሚመጣው ተሳቢ ራሱ ፍሬኑ የጋለበት ነው። ኩርባ ላይ የተሳቢው የኋላ ጎማ ከፊተኛው ይልቅ ወደ ውስጥ ቆርጦ ያልፋል፤ ሾፌሩ ፊቱን አርቆልዎት ቢያልፍ እንኳ ጭራው ወደ እርስዎ ይመጣል። ብቻዎን ሲሆኑ ወደ ዳር ወጥተው፣ አንድ እግር መሬት ረግጠው ያሳልፉታል። ሁለት ልጅ የጫነ ረጅም ብስክሌት ግን በድንገት ከአስፋልት ወደ ጠጠር ሲወርድ የፊት ጎማው ይንሸራተታል፣ 150 ኪሎውን በአንድ እግር መደገፍም አይታሰብም። የጭነት ብስክሌት አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ቆሞ ወይም ሊቆም ሲል ነው። ፍሬኑን ፍጹም ብናደርገው እንኳ ፍርዴ የማይለወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ የሚሆነው። ብስክሌቱ ኮምቦልቻ ይደር። ጠዋት ልጆቹን ይዘው በሚኒባስ ይውረዱ፣ ብስክሌቱን ጥበቃ ካለው ቦታ ያውጡ፣ ልጆቹን ትምህርት ቤት ያድርሱና ወደ ሥራ ይቀጥሉ። የኮምቦልቻው የቦርከና ሜዳ ለዚህ የተመቸ ነው። ከሚኒባስ በኋላ ያለው የባጃጅ ወጪ ይቀርልዎታል፣ ጊዜውም የራስዎ ይሆናል። የሚኒባሱ ወጪ ግን አይቀርም። ልጆቹን ወደ ደሴ ትምህርት ቤት ማዛወር ከቻሉ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፦ ልጆቹን ደሴ ላይ በብስክሌት አድርሰው ብቻዎን ይወርዳሉ። ደሴ ግን ዳገት የበዛባት፣ የውስጥ ለውስጥ መንገዷም ኮብልስቶን ነው። ኮብልስቶን ሲረጥብ ከአስፋልት የባሰ ያዳልጣል፤ ከዋናው መንገድ ወደ ሰፈርዎ የሚያስገባው ቁልቁለት ላይ ልጆቹ ወርደው በእግር ይሂዱ፣ እርስዎ ይግፉት።

አሁን ወደ ብየዳው። መጀመሪያ ማግኔት ይዘው ሳይክልዎ አካል ላይ ያስጠጉ። ካልያዘ አሉሚኒየም ነው፤ እዚህ ላይ ሐሳቡ ያበቃል። አሉሚኒየም ከተበየደ በኋላ ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ካልታከመ ጥንካሬውን ያጣል፣ ብየዳው አጠገብ ነው የሚሰነጠቀው፣ የሚሰበረውም ሳያስጠነቅቅ ነው። ማግኔቱ ከያዘ ብረት ነው፣ ይቻላል፤ ግን እንደ በር መበየድ አይደለም። የሳይክል ቱቦ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ብየዳ ቤቶች በብዛት የሚይዙት 2.5 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ ይበሳዋል ወይም ዳሩን ያሳሳዋል። 2 ሚሊ ሜትር ኤሌክትሮድ በዝቅተኛ አምፒር፣ ካልሆነም በጋዝ የናስ ብየዳ ይሻላል። ጋልቫናይዝድ ቱቦ አይጠቀሙ፤ ዚንኩ ብየዳውን ያበላሻል፣ ጭሱም በያጁን ይመርዛል።

ማስረዘሙ ከ35 እስከ 40 ሳንቲ ሜትር ይብቃው። ከዚያ ካለፈ ሲነዱት እንደ ጅራፍ ይወዛወዛል። ውጪው 22 ወይም 25 ሚሊ ሜትር የሆነ፣ ግድግዳው 1.5 የሆነ ክብ ቱቦ ጥሩ ነው። ቅርፁ በሦስት ማዕዘን ይታሰር፤ አራት ማዕዘን ብቻ ከሆነ ጎን ለጎን ይዋልላል። የኋላ ጎማ የሚታሰርበትን ጠፍጣፋ ብረት ቆርጠው ከመበየድ ከሌላ የብረት ሳይክል ሙሉውን የኋላ ሹካ ቆርጦ ማምጣት ይመረጣል፤ የሁለቱ ወገን ትክክል መሆን በክር ይለካል። 2 ሚሊ ሜትር ቢዛነፍ ካቴናው ይዘልላል፣ ዲስኩም ሸራውን ይልሳል። አንድ ካቴና ስለማይደርስ ሁለት ይቀጠላሉ። የኋላ ፍሬን የሳይክል ሽቦም አይደርስም፤ የባጃጅ ሽቦ ይወፍራል፣ እጀታው ውስጥ አይገባም። የዘይት ፍሬን የሚመረጥበት ሌላው ምክንያት ይህ ነው፣ ቱቦው እስከተፈለገው ርዝመት ይገኛል። የሚዘልለውን የርካሽ ተራራ ሳይክል የፊት ሹካ አውልቀው ዲስክ መግጠሚያ ያለው ደረቅ የብረት ሹካ ያስገቡ። ፍሬን ሲይዙ የሚሰግድ ሹካ ጭነት ላይ አያስፈልግም።

ቀለም ከመቀባቱ በፊት ብየዳውን ይፈትኑት። 70 ኪሎ አሸዋ ጭነው ሁለት ቀን ኮረኮንች ላይ ይንዱት። ከዚያ ብየዳዎቹን በነጭ ጋዝ ይቀቡ፣ ሩብ ሰዓት ይጠብቁ፣ በደረቅ ጨርቅ ሙልጭ አድርገው ይጥረጉና የጠመኔ ዱቄት ይነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የቀረው ጋዝ ይወጣና ጠመኔው ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ይሥላል። ይህን በየሦስት ወሩ ይድገሙት። መስመር ከታየ እላዩ ላይ አያስበይዱ፤ ቱቦው ይቀየራል።

የኋላ ቸርኬ ባለ 36 ራጂ (ቸርኬውን ከጎማው መሃል ማለትም ከሞዞው ጋር የሚያያይዘው ሽቦ)፣ ድርብ ግድግዳ ያለው ይሁን። ራጂ የሚሰበረው ክብደት በዝቶበት ይመስላል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ስለላላ ነው፤ የላላ ራጂ በየዙሩ ይታጠፋል፣ እንደ ሽቦ ታጥፎ ታጥፎ ሞዞው ጋ ካለው ክርኑ ላይ ይቆረጣል። አዲስ ቸርኬ 150 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ አንዴ መጥበቅ አለበት፤ ይህን የሚዘነጋ ሰው ብዙ ነው። ጎማ ቢያንስ 2 ኢንች ስፋት፣ አየር ከኋላ ከ45 እስከ 55፣ ከፊት ከ35 እስከ 40 ፒኤስአይ፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ግን አይለፉ። ጎሚስታ ቤት ካስነፉ ኮምፕሬሰሩ ለመኪና የተሠራ ነውና ጥቂት ጥቂት እየነካ ይሙላው፣ በአንድ ትንፋሽ ከሞላው ያፈነዳዋል።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። በአውሮፓ ደረጃ የኋላ የልጅ መቀመጫ ከ9 እስከ 22 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ ነው የሚሠራው። የ14 ኪሎው ልጅዎ የትከሻ ቀበቶ ያለው፣ ጀርባውን የሚደግፍ፣ እግሩን የሚያስር መቀመጫ ያስፈልገዋል። የ6 ዓመቷ 20 ኪሎ ከሆነች አንድ ዓመት ሳይሞላት ከመቀመጫው ልታልፍ ስለምትችል ከጅምሩ የመደገፊያ ብረት ያለው ፍራሽና የእግር መርገጫ ያዘጋጁላት። አቀማመጣቸው ከባዷ ወደ እርስዎ፣ ቀላሉ ወደ ኋላ ነው። ክብደት ከኋላ ጎማው ሞዞ አልፎ ወደ ጭራ ሲሄድ የፊት ጎማው ይቀልና መሪው አይታዘዝም። ትንሹ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ጉዞው ከ20 ደቂቃ ባይበልጥ ጥሩ ነው።

አደጋው መውደቅ ብቻ አይደለም፣ እግር ራጂ ውስጥ መግባትም አለ። የኋላ ጎማው ግራና ቀኙ ከላይ እስከ ሞዞው ድረስ በላሜራ ወይም በጠንካራ ፕላስቲክ ይሸፈን። መረብ ከሆነ ቀዳዳው የልጅ ጣት የማያስገባ ይሁን። ነጠላ፣ ሻርፕ፣ ጋቢና የዝናብ ላስቲክ ጫፍም ወደዚያው ነው የሚሄዱት። አንገት ላይ የተጠመጠመ ነጠላ ጎማ ውስጥ ከገባ የሚያንቀው ልጁን ነው፤ ስለዚህ በሹራብ ይተካ፣ የእርስዎም ጫፉ ይታሰር። ልጅ በአንቀልባ አዝሎ መንዳት ደግሞ ፈጽሞ አይሁን። እርስዎ ሲወድቁ ልጁ ከታች ነው የሚሆነው፣ ክብደቱም ከፍ ብሎ ሚዛንዎን ይወስዳል።

ተጎታች ጋሪስ ቢሉኝ፣ ለእኛ መንገድ አልመክረውም። ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲኖትራክ ላይ የተቀመጠ ሾፌር አያየውም፣ ቁልቁለት ላይም ብስክሌቱን ከኋላ ይገፋዋል። ባለ ሦስት ጎማውም ዘንበል ባለ መንገድ ላይ ሲታጠፍ ይገለበጣል።

ማቆሚያው ባለ ሁለት እግር፣ የእግሮቹ ርቀት ቢያንስ 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ ይሁን። ልጆች የመጨረሻ ይወጣሉ፣ የመጀመሪያ ይወርዳሉ። ሁለተኛው ሲወጣ ብስክሌቱ እንዳይንከባለል ፍሬኑን በላስቲክ ይሰሩት፣ እንዳይዞርም መሪውን ይያዙት። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት በልጆች ፋንታ 34 ኪሎ እህል በጆንያ ጭነው ባዶ ሜዳ ላይ ይለማመዱ። ከ20 ፍጥነት ፍሬን ከያዙበት ቦታ 6 ሜትር ውስጥ ሳይንሸራተቱ መቆም፣ በዝግታ ዞሮ መመለስ፣ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳት። ጆንያው ሳይወድቅ አሥር ጊዜ በተከታታይ ከተሳካ ልጆቹ ይውጡ።

በመጨረሻ ወደ ሞተሩ፣ ለብቻዎ ሐረጎን የሚሻገሩ ከሆነ። አንድ ጤነኛ ሰው ሳይደክም የሚያወጣው ጉልበት 100 ዋት ገደማ ነው። ያንን 150 ኪሎ ያለ ሞተር ከኮምቦልቻ ደሴ ማውጣት አራት ሰዓት ሊፈጅ ይደርሳል፤ ብቻዎን በዚሁ ብስክሌት ሦስት ሰዓት ገደማ። በሞተር፣ በ15 ፍጥነት፣ አንድ ሰዓት ተኩል ይሆናል፣ ከባትሪው የሚበላውም 200 ዋት ሰዓት አካባቢ ነው። 48 ቮልት 15 አምፒር ሰዓት ባትሪ 720 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ሲያረጅም ይበቃዎታል።

ከዋቱ ይልቅ የሞተሩ ቦታ ይበልጣል። ጎማ ሞዞ ላይ የሚገጠም ሞተር ርካሽ ነው፣ ሜዳ ላይ ጥሩ ነው። ረጅም ዳገት በ8 ፍጥነት ሲወጣ ግን ከባትሪው ከሚወስደው ግማሽ ያህሉን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል፣ ውስጡ ያሉት የፕላስቲክ ጥርሶችም ይበላሉ። ለሐረጎ የሚያስፈልገው ፔዳሉ ላይ የሚገጠም፣ የሳይክሉን ማርሽ የሚጠቀም ሞተር ነው፤ የባፋንግ 48 ቮልት 750 ዋት ዓይነቱ ይበቃል። ከመግዛትዎ በፊት የፔዳል ቤቱን ስፋት ይለኩ፤ 68 ወይም 73 ሚሊ ሜትር ካልሆነ አይገባም። የፊት ጥርስ 32 ገደማ፣ የኋላ ትልቁ 46 ቢሆን በ60 ዙር በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል እየሄዱ የትኛውንም ዳገት ይወጡታል። ካቴና ግን ቶሎ ይጨርሳል፤ ማርሽ ሲቀይሩ ፔዳሉን ያሳርፉ።

ሲወርድ ባትሪ ይሞላል የሚባለው የሚሠራው ጥርስ በሌለው የሞዞ ሞተር ብቻ ነው። እዚህ ላይ የደሴ ሰው ልዩ ችግር አለበት፦ ሌሊት ባትሪውን ሙሉ ሞልቶ ጠዋት በቁልቁለት ይጀምራል። ሙሉ ባትሪ ደግሞ አልቀበልም ይላል፣ ሞተሩም ፍሬን መሆኑን ያቆማል፤ በጣም በሚፈለግበት ሰዓት። እንዲህ ያለ ሞተር ካለዎት ማታ 85 በመቶ ላይ ያቁሙትና ቀሪውን ሐረጎ ይሙላው። ባትሪው ዳገት ወጥቶ እንደጋለ ቻርጀር አይሰካበት፤ ውርጭ ባለበት ሌሊትም ውጪ አይሞላ። ቤት ውስጥ ሲሞላ መኝታ ክፍል ወይም መውጫ በር አጠገብ አይሁን።

ክረምት ሲገባ ሸራ በጋ ከሚቆየው በጣም ባነሰ ጊዜ ያልቃል፤ ውኃና ጭቃ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፈጉታል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ በየሳምንቱ አርብ በባትሪ መብራት አጮልቀው ይዩት፣ አንድ ጥንድ ትርፍ ሸራም ከቦርሳ አይለይ። ሐረጎ ላይ ጉም ወርዶ ከፊት ያለው መኪና መብራት ብቻ የሚታይበት ጠዋት ብስክሌቱን ግቢ ትተው መናኸሪያ ይሂዱ።